ፋይበሩ ገብቶ ኢንተርኔቱ ካልፈጠነ፦ ከምልክቱ እስከ መፍትሄው

በመዳብ የስልክ መስመር ዘመን ኢንተርኔት ሲያዘግም ጥፋቱ ውጭ ነበር። መስመሩ ከማዕከሉ በራቀ ቁጥር ይደክማል፤ ቤት ያለው ዋይፋይ ከሚመጣው በላይ መሸከም ስለሚችል ማንም አይጠረጥረውም። ፋይበር እስከ ሳሎን ሲገባ ነገሩ ተገለበጠ። ዛሬ በብዛት የተዘረጋው ጂፖን የሚባለው ሥርዓት በአንድ ክር ወደ ተጠቃሚዎች 2.5 ጊጋቢት፣ ከተጠቃሚዎች ወደ ውጭ ደግሞ 1.25 ጊጋቢት ገደማ በሰከንድ ያሳልፋል። ተተኪው ኤክስጂኤስፖን፣ ደረጃው እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው፣ በሁለቱም አቅጣጫ 10 ጊጋቢት ገደማ ይደርሳል። ስለዚህ አሁን መንገዱ የሚጠብበት ቦታ አብዛኛውን ጊዜ እኛው ቤት ውስጥ ነው፦ ኬብሉ ላይ፣ የራውተሩ ፖርት (የኬብል መሰኪያ) ላይ፣ ግድግዳው ላይ ወይም ያረጀው ላፕቶፕ ላይ።

ይህን ባለማወቅ ከ200 ሜጋ ወደ 500፣ ከ500 ወደ ጊጋ ጥቅላቸውን እያሳደጉ፣ እጃቸው ላይ ለማይደርስ ፍጥነት በየወሩ የሚከፍሉ ሰዎች አሉ። ጥቅል ከማሳደጋችሁ በፊት ችግሩ የት እንዳለ እወቁ።

መጀመሪያ በትክክል ለኩ

በስልክ፣ ከመኝታ ቤት፣ በዋይፋይ የተለካ ፍጥነት ስለ ፋይበሩ ምንም አይነግራችሁም። ሦስት ልኬት ውሰዱ። አንዱን ኮምፒውተሩን በኬብል በቀጥታ ፋይበሩ ከሚገባበት ሳጥን ጋር አገናኝታችሁ፣ ሁለተኛውን ራውተሩ አጠገብ ቆማችሁ በዋይፋይ፣ ሦስተኛውን ኢንተርኔቱ ሁልጊዜ ከሚያስቸግራችሁ ክፍል። ስትለኩ ቪፒኤን ይጥፋ፣ የቤተሰቡ ስልክና ቴሌቪዥንም ለጥቂት ደቂቃ ይረፍ። የመለኪያውም ሰርቨር ቅርብ ያለው ይሁን፤ ሌላ አህጉር ያለ ሰርቨር ከመረጣችሁ የምትለኩት ባሕር የሚያቋርጠውን መንገድ ሁሉ ነው።

በኬብል የለካችሁት ደህና ሆኖ በዋይፋይ ከወረደ ጥቅል ማሳደግ አንዳች አይጠቅምም። በኬብልም ካነሰ ቀጥሎ ያለውን አንብቡ።

አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ጥቅል የሚሸጠው በሜጋቢት ነው፣ ፋይል ስታወርዱ ግን ኮምፒውተሩ የሚያሳያችሁ ብዙ ጊዜ በሜጋባይት ነው። አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ የ1 ጊጋቢት መስመር ሞልቶ ሲሠራ የሚታየው 115 ሜጋባይት አካባቢ ነው። ምንም አልጎደለባችሁም።

«ጊጋ ገዝቼ ከ94 አላልፍ አለኝ»

ውጤቱ 93፣ 94፣ 95 ላይ ሄዶ ከቆመና ደጋግማችሁ ብትለኩም ንቅንቅ ካላለ፣ መንስኤውን ከሞላ ጎደል በርግጠኝነት መናገር ይቻላል። በመንገዱ ላይ ያለ አንድ ግንኙነት ከ1000 ወደ 100 ሜጋቢት ወርዷል። ከ100ው ላይ ለመረጃው ማሸጊያ የሚሄደው ሲቀነስ የሚተርፈው 94 ገደማ ነው። በዚሁ ስሌት የጊጋ ግንኙነት 940 አካባቢ ያሳያል፤ 940 እያዩ «60 ሜጋ ተሰረቅኩ» የሚሉ ሰዎች ሙሉ መብታቸውን እያገኙ ነው።

ለምን ወረደ? የኔትወርክ ኬብል ውስጥ 8 ቀጫጭን ሽቦዎች በ4 ጥንድ ተጠምዝዘው ይገኛሉ። 100 ሜጋቢት ለማስተላለፍ 2ቱ ጥንድ ይበቃል፤ ጊጋቢት ግን 4ቱንም ይፈልጋል። 100 ሜጋቢት ከማይጠቀምባቸው ሽቦዎች አንዷ ብትበጠስ ወይም ጫፉ ላይ በደንብ ባትያዝ፣ በኬብሉ ሁለት ጫፍ ያሉት ዕቃዎች ብዙ ጊዜ ግንኙነቱን አያቋርጡትም። ዝም ብለው ወደ 100 ይወርዳሉ። ምንም ማስጠንቀቂያ የለም፣ ኢንተርኔቱም ይሠራል። ለዚህ ነው ሰው ለወራት ሳያውቀው የሚቆየው።

ለማረጋገጥ የኮምፒውተሩን የኔትወርክ ቅንብር ክፈቱና የግንኙነቱን ፍጥነት እዩ፤ 100/100 ካለ ተገኘ። ብዙ ራውተሮችም የእያንዳንዱን ፖርት ፍጥነት በብራውዘር በሚከፈተው የአስተዳደር ገጻቸው ላይ ያሳያሉ። ከዚያ ኬብሉን በሌላ ቀይሩ። ልባሱ ላይ የታተመውን ጽሑፍ አንብቡ፦ ካት5ኢ (Cat5e) ወይም ካት6 (Cat6) ካለ ለጊጋ ይሆናል፤ ካት5 (Cat5) ብቻ ካለ ይቅር። ኬብል ቀይራችሁም ካልተስተካከለ የግድግዳውን ሶኬት ክፈቱ። ጫኚው ኬብል ለመቆጠብ አንዱን ለሁለት ሶኬት ከፍሎት፣ ለእያንዳንዱ 2 ጥንድ ብቻ አድርሶ ሊሆን ይችላል። መሀል ላይ የተሰካ የቆየ ስዊች (አንዱን መስመር ለብዙ ኬብል የሚያካፍል ሳጥን) ካለም እሱን አውጡና በቀጥታ ሞክሩ።

ስማርት ቴሌቪዥኖች ላይ ደግሞ ጉዳዩ ሌላ ነው። ውድ የሚባሉት ሳይቀሩ ብዙዎቹ የተሠሩት በ100 ሜጋቢት ፖርት ነው፤ ኬብል መቀየር አይለውጠውም። አያሳስባችሁ፣ የፎርኬ (4K) ቪዲዮ ብዙ ጊዜ ከ15 እስከ 25 ሜጋቢት ይበቃዋል።

ከጊጋ በላይ ለገዛችሁ፦ የ2 ጊጋ ጥቅል 1 ጊጋ ፖርት ባለው ሳጥን ሲያልፍ 1 ጊጋ ነው። የፋይበሩ ሳጥን፣ የራውተሩ መግቢያና የኮምፒውተሩ ፖርት ሦስቱም ቢያንስ 2.5 ጊጋ መሆን አለባቸው። ራውተር ስትገዙ ካርቶኑ ላይ ያለውን ትልቅ ቁጥር ትታችሁ የፖርቶቹን ዝርዝር ተመልከቱ፤ አንድ ፈጣን ፖርት ብቻ ኖሮት የቀሩት 1 ጊጋ የሆኑበት ብዙ ነው። ለ2.5 ጊጋ ጤነኛ ካት5ኢ ኬብል ስለሚበቃ ግድግዳ ማፍረስ አያስፈልግም።

ቀይ መብራት፣ ወይም የሚመላለስ መቆራረጥ

የፋይበሩ ሳጥን ላይ «ሎስ» (LOS) የሚባለው መብራት ቀይ ሆኖ ብልጭ ድርግም ካለ ብርሃኑ እየደረሰ አይደለም። አጥፍቶ ማብራት ብዙም አይፈታውም። መብራቱ ጤነኛ ሆኖ በቀን ጥቂት ጊዜ የሚቆራረጥ ከሆነም መንስኤው ያው ሊሆን ይችላል፤ ብርሃኑ ይደርሳል፣ ግን ደክሟል።

ብርሃኑ የሚጓዝበት የክሩ እምብርት ስፋቱ 9 ማይክሮሜትር ገደማ ነው፤ ከሰው ፀጉር በብዙ እጥፍ ይቀጥናል። አንድ የአቧራ ቅንጣት ሊሸፍነው ይችላል። ክሩ በጣም ሲታጠፍም ብርሃኑ በጎን ይወጣል። ለቤት ውስጥ የተሠሩት ክሮች እስከ 7.5 ወይም 10 ሚሊሜትር ራዲየስ ድረስ መጠምዘዝ ይችላሉ፤ የቆየው ዓይነት ግን 30 ሚሊሜትር ይፈልጋል። ስለዚህ ከሳጥኑ ተነስታችሁ ክሩን በእጃችሁ ተከተሉት። ቁምሳጥኑ ተገፍቶ ግድግዳው ላይ አጣብቆት፣ በበሩ ስንጥቅ ሲያልፍ ተጨፍልቆ፣ የትርፉ ጥቅልል በፕላስቲክ ማሰሪያ ጥብቅ ተደርጎ ታንቆ ታገኙት ይሆናል። ፍቱት፣ ሰፋ አድርጋችሁ ጠቅልሉት። ይህ ብቻ የሚፈታው ችግር ብዙ ነው።

ጫፉን ከነቀላችሁ ወደ ውስጥ በፍጹም አትመልከቱ። ብርሃኑ ለዓይን የማይታይ ነው፣ ጉዳቱ ግን እውነተኛ ነው። በጣት ወይም በልብስ አትጥረጉት፤ የፋይበር ማጽጃ ከሌላችሁ ለቴክኒሻኑ ተዉት። አረንጓዴው ጫፍ በ8 ዲግሪ ተዘንብሎ የተቆረጠ ነው፣ ሰማያዊው እንደዚያ አይደለም፤ ሁለቱን ማጋጠም ብርሃን ያባክናል።

አሁን እጅግ የሚጠቅመውን ልንገራችሁ። የሳጥኑ አስተዳደር ገጽ ላይ የሚገባው የብርሃን ጉልበት በዲቢኤም (dBm) በሚባል መለኪያ ይጻፋል። ቁጥሩ አሉታዊ ነው፤ ከዜሮ በራቀ ቁጥር ብርሃኑ ደካማ ነው። ለጂፖን ሳጥን የተለመደው ወሰን ከ-8 እስከ -27 ሲሆን፣ -27 ላይ የቆመ መስመር ገደሉ አፋፍ ላይ ነው። 3 ዲቢ ሲወርድ የብርሃኑ ግማሽ ጠፍቷል፣ 6 ሲወርድ የቀረው ሩቡ ነው። ኢንተርኔቱ ደህና በሚሠራበት ቀን ይህን ቁጥር ጽፋችሁ ያዙት። ያኔ -19 የነበረው ዛሬ -26 ከሆነ አንድ ቦታ ላይ ክሩ ታጥፏል ወይም ጫፉ ቆሽሿል፤ በስልክ «ቀርፋፋ ሆነብኝ» ከማለት ይህን መናገር ቴክኒሻን ያስመጣል።

ጥቅላችሁን ወደ ኤክስጂኤስፖን ያሳደጋችሁ ደግሞ ይህን እወቁ። ክሩ አይቀየርም። ጂፖን ወደ እናንተ የሚልከው በ1490 ናኖሜትር፣ አዲሱ በ1577 ናኖሜትር የብርሃን ሞገድ ስለሆነ ሁለቱ በአንድ ክር ጎን ለጎን ይጓዛሉ። የሚቀየረው ሳጥኑ ነው። ረጅሙ ሞገድ ግን በመታጠፍ የበለጠ ይጎዳል፤ የድሮው ሳጥን ችሎት የኖረው ጠባብ መታጠፊያ አዲሱን ሊያስቸግር ይችላል።

ኬብሉ ደህና ሆኖ ዋይፋዩ ሲያንስ

ራውተሩ አጠገብ ቆማችሁ ከ30 እስከ 80 ሜጋ ብቻ ካገኛችሁ ስልካችሁ 2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ሳይሆን አይቀርም። በዚህ ሞገድ ላይ የማይደራረቡት ቻናሎች 1፣ 6 እና 11 ብቻ ናቸው፤ ጎረቤቱ ሁሉ፣ ብሉቱዙም ማይክሮዌቩም የሚሻማው እዚያው ነው። የ2.4 እና የ5 ጊጋኸርዙን ስም ለዩና ስልኩን በ5ቱ አስገቡት። 6 ጊጋኸርዝ ያለው ዕቃ ካላችሁና በአገራችሁ ከተፈቀደ ይበልጥ ንጹህ ነው፣ ግድግዳ ማለፍ ግን ከሁሉም ይከብደዋል።

ከስልክ ምን መጠበቅ እንዳለባችሁም እወቁ። ሁለት አንቴና ያለው የዋይፋይ 6 ስልክ በ80 ሜጋኸርዝ የቻናል ስፋት 1201 ሜጋቢት «ተገናኝቷል» ይላል፤ በተግባር ከዚያ ከግማሽ እስከ ሁለት ሦስተኛው ከደረሰ ጥሩ ነው። የዋይፋይ 5 ስልክ 867 ብሎ 500 ቢሰጣችሁ አልተበላሸም።

ለሩቁ ክፍል፣ መጀመሪያ ራውተሩን ከቁምሳጥንና ከብረት ሳጥን አውጡት። በቂ ካልሆነ ሁለተኛ ዋይፋይ አስገቡ፣ ሁለተኛውን ግን ከተቻለ በኬብል አገናኙት። በአንድ ሬዲዮ ተቀብሎ በዚያው የሚያስተላልፍ ማራዘሚያ ፍጥነቱን በግማሽ ያህል ይቀንሳል፤ ጭራሽ ሲግናል በማይደርስበት ጥግ ከተቀመጠ ደግሞ የሚያራዝመው ነገር የለውም። ቦታው መሀል ላይ፣ ገና ጥሩ ሲግናል በሚይዝበት ነው።

የ5 ጊጋኸርዙ ዋይፋይ አልፎ አልፎ ድንገት ጠፍቶ ከደቂቃ በኋላ የሚመለስ ከሆነ፣ ራውተሩ የራዳር ምልክት ሰምቶ ቻናሉን ለቆ ሊሆን ይችላል። ሕጉ እንደዚያ ያስገድደዋል። ቻናሉን ከ36 እስከ 48 ባለው ውስጥ አድርጉት፣ ስፋቱንም ከ160 ወደ 80 ሜጋኸርዝ መልሱት።

ፍጥነቱ ትልቅ ነው፣ የቪዲዮ ጥሪው ግን ይንተባተባል

አንድ ሰው ፎቶዎቹን ወደ ክላውድ መጫን ሲጀምር የሌላው ስብሰባ የሚቆራረጥ ከሆነ የጎደለው ፍጥነት አይደለም። ራውተሩ የሚወጣውን ሁሉ አንድ ረጅም ወረፋ ውስጥ እያስገባው ነው፤ የድምፃችሁ ትንሽ እሽግ ከፎቶዎቹ ኋላ ተሰልፎ ይጠብቃል። ለማወቅ ፒንግ (ምልክት ደርሶ እስኪመለስ ያለውን ጊዜ የሚለካ ትእዛዝ) እያሄዳችሁ ትልቅ ፋይል ጫኑ። በእረፍት 8 ሚሊሰከንድ የነበረው 200 ወይም 300 ከሆነ ምክንያቱ ይኸው ነው።

መድኃኒቱ ወረፋውን የሚያስተዳድር ራውተር ነው፤ በቅንብሩ ውስጥ «ኬክ» (CAKE) ወይም «ኤፍኪው ኮደል» (fq_codel) የሚል ካለ አብሩትና የፍጥነቱን ጣሪያ ከለካችሁት 90 በመቶ አካባቢ አድርጉት። ደካማ ፕሮሰሰር ያለው ራውተር በጊጋ ፍጥነት ይህን መሸከም ስለማይችል ለአፕሎዱ ብቻ ማብራት ይሻላል። እኔ እንደማየው የአዲሱ ትውልድ ፋይበር ትልቁ ጥቅም ይህ ነው፦ አፕሎዱ ከዳውንሎዱ እኩል ሲሆን ወረፋው በቀላሉ አይረዝምም። የ300/300 ጥቅልና የ1000/50 ጥቅል (መጀመሪያ ዳውንሎድ፣ ቀጥሎ አፕሎድ) ቢቀርብልኝ፣ ከቤት ለሚሠራና ልጆች ላሉት ሰው ያለማመንታት የመጀመሪያውን እመክራለሁ።

ቀሪዎቹ ባጭሩ

ከውጭ ሆናችሁ የቤት ካሜራችሁን መክፈት ካልቻላችሁ የራውተሩን የውጭ አድራሻ እዩ። በ192.168 ወይም በ10 ከጀመረ ሁለት ራውተሮች ተደራርበው ሊሆን ስለሚችል የፋይበሩ ሳጥን ወደ ብሪጅ (ራውተርነቱን ትቶ መስመሩን ብቻ ወደሚያሳልፍበት) እንዲቀየር ጠይቁ። ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ከጀመረ አገልግሎት ሰጪው አንዱን አድራሻ ለብዙ ደንበኞች እያጋራ ነው፤ አይፒቪ6 (አዲሱን የኢንተርኔት አድራሻ ዓይነት) ወይም የራሳችሁን የውጭ አድራሻ ጠይቁ።

አንዳንድ ድረ ገጽ ብቻ እምቢ ካለና መስመራችሁ በፒፒፒኦኢ (PPPoE፣ በስምና በይለፍ ቃል የሚገባበት መንገድ) የሚገባ ከሆነ፣ በራውተሩ ቅንብር ኤምቲዩውን (MTU፣ የአንድ እሽግ ትልቁን መጠን) 1492 አድርጉት።

መብራት ሲጠፋ የፋይበሩ ሳጥንም ይጠፋል፤ በእሱ በኩል የሚሠራ የቤት ስልክም አብሮ። 12 ቮልት የሚሰጥ ትንሽ የዲሲ ባትሪ ይዞ ያቆየዋል። ከመግዛታችሁ በፊት አስማሚው ላይ የተጻፈውን ቮልትና አምፔር አመሳክሩ።

በኬብል ተለክቶ፣ የብርሃኑ ጉልበት ጤነኛ ሆኖ፣ ማታ ማታ ብቻ የሚወርድ ፍጥነት ግን የእናንተ ሥራ አይደለም። አንድ የጂፖን ክር ብዙ ጊዜ ለ32 ወይም ለ64 ቤት ይከፋፈላል፤ ሁሉም በአንድ ሰዓት ሲጠቀም የሚጨናነቀው እዚያ ወይም ከዚያ ወዲያ ነው። የጥቂት ቀናት ልኬት ከነሰዓቱ መዝግቡ፣ ከብርሃኑ ቁጥር ጋር ለአገልግሎት ሰጪው ላኩ፣ የቅሬታ ቁጥር ተቀበሉ። ቴክኒሻን ሲመጣም ከመሄዱ በፊት በኬብል አብራችሁ ለኩ።