ደኑ ተተኪ አለው? ጎንበስ ብሎ የመቁጠር ዘዴ

ስለ አገር ደን ሲወራ የሚጠራው ስፋቱ ነው፤ ይህን ያህል ሄክታር፣ ይህን ያህል በመቶ። ደን ቆጠራ ሥራዬ ስለሆነ ስፋት ብቻ ሲነገረኝ ቅር ይለኛል። በተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) ትርጉም ደን ማለት ከ0.5 ሄክታር የሚሰፋ፣ ከ5 ሜትር በላይ የቆሙ ወይም እዚያ የሚደርሱ ዛፎች ያሉበት፣ ከ10 በመቶ በላይ በቅርንጫፍ የተሸፈነ መሬት ነው። አሮጌ ዛፎች ብቻ የቀሩበት፣ ሥሩ ባዶ የሆነ ቦታም ይህን ያሟላል። የነገውን ለማወቅ ግን ጎንበስ ማለት ይጠይቃል።

ገመድ፣ የልብስ ሰፊ ሜትር፣ ካስማ፣ ደብተርና ዛፎቹን በስም የሚለይ የአካባቢው ሰው ያዙ። ይህ ሰው የግድ ነው። የጥድ ቡቃያ ቅጠሉ ሹል ነው፣ ይዋጋል፤ ያደገው ጥድ ቅጠል ግን ደቃቅና ግንጣዩ ላይ የተለጠፈ ነው። ያላወቀ ሰው ሁለት ዛፍ ናቸው ብሎ ይጽፋል።

በመንገድ ዳር አትቁጠሩ። ከደኑ ጠርዝ ወደ ውስጥ ቀጥ ያለ መስመር አውጡና በየ100 ሜትሩ 20 በ20 ሜትር ከልሉ። እዚያ ውስጥ የግንዱን ዙሪያ ከመሬት 1.3 ሜትር ላይ ለኩ፤ ተዳፋት ከሆነ ከላይኛው በኩል ቆማችሁ። ዙሪያውን ለ3.14 ስታካፍሉ ውፍረቱ ይወጣል። ለቡቃያ በአንዱ ጥግ 5 በ5 ሜትር ይበቃል። ወደ ሄክታር ለመቀየር የትልቁን ቆጠራ በ25፣ የትንሹን በ400 አባዙ።

አሁን ማንበብ ነው። ራሱን በሚተካ ደን ቡቃያው ይበዛል፣ ለጋው ያንሳል፣ ወፍራሙ ጥቂት ነው። ቡቃያ ሞልቶ ከጉልበት በላይ ምንም ከሌለ ጫፉን እዩት፤ ተቀንጥሶ በጎን ካቆጠቆጠ ከብት እየጨረሰው ነው። ከነጭራሹ ከሌለ ወይ እናት ዛፉ ተቆርጧል፣ ወይ እንደ የወፍ ቆሎ ያለ ወራሪ ቁጥቋጦ መሬቱን ይዞታል።

ግን አትቸኩሉ። ብርሃን ወዳድ ዛፎች ጥላ ሥር አይበቅሉም፤ ልጆቻቸው ትልቅ ዛፍ ወድቆ ሰማይ በተከፈተበት ቦታ ናቸው፣ እዚያም ቁጠሩ። ድምሩንም አትመኑ፤ በየዝርያው ጻፉ። አንዱ ቁጥቋጦ ደብተሩን ሞልቶት የትልልቆቹ ዛፎች ዓምድ ባዶ ሆኖ አይቻለሁ።

ቀጥሎ ላለው ሥራ በቅደም ተከተሉ ድርቅ እላለሁ፦ መጀመሪያ ቦታውን ከንክኪ ነፃ ማድረግ፣ ከዚያ ወራሪውን መንቀል፣ ችግኝ መትከል መጨረሻ። (ችግኝ ለፎቶ ስለሚመች ብዙዎች ከመጨረሻው ይጀምራሉ።) ማን እንደሚጠብቀውና ምን እንደሚያገኝ ካልተወሰነ ግን አጥር አይበረክትም። ኔፓል እ.ኤ.አ. በ1993 ባወጣችው የደን ሕግ ደንን ለተጠቃሚ ማኅበራት ማስረከብን አጽንታለች፤ ኮስታ ሪካ በ1996 ሕጓ መሠረት ደናቸውን ለሚጠብቁ ባለመሬቶች ትከፍላለች፣ ገንዘቡም በአብዛኛው ከነዳጅ ግብር የሚመጣ ነው።

የቆጠራችሁበትን ቦታ በጂፒኤስ መዝግቡ፣ ካስማውንም አትንቀሉ። ከዓመታት በኋላ ስትመለሱ በዚያው ወቅት ይሁን፤ በዝናብ ማግስት የበቀለ ሁሉ ስለሚያጓጓ በጋውን ያለፈውን ቁጠሩ።