ሲኒ ማየት በእንግሊዝኛ፦ የቃሉን ሥር እንዴት ማውጣት ይቻላል?

ቡናው ተጠጥቶ ሲኒው ሲደፋ አተላው የሚተወውን ቅርጽ አይቶ ዕጣ መናገር በእንግሊዝኛ ታሲዮግራፊ ወይም ታሲዮማንሲ ይባላል። ጅማ ቡና እየጠጣችሁ የሁለቱንም ሥር በእርሳስና በወረቀት ማውጣት ትችላላችሁ።

ከጅራቱ ጀምሩ። ጅራቱ ሌሎች ቃላት ላይም ስለሚገኝ ትርጉሙን ማመሳከር ይቀላል። «ግራፊ»ን ከጂኦግራፊ ታውቁታላችሁ፤ የግሪኩ «ግራፌይን»፣ መጻፍ ነው። «ማንሲ» ደግሞ «ማንቴያ» ከሚለው የግሪክ ቃል የመጣ ነው፤ ሟርት ማለት ነው። በላቲን «ማንቲያ» ሆኖ ፈረንሳይኛ ሲደርስ «ተ»ው ወደ «ሰ» ተለወጠ። ለማረጋገጥ ኪሮማንሲን ውሰዱ፤ «ኬይር» በግሪክ እጅ ነው፣ ቃሉም መዳፍ አይቶ መጠንቆል ማለት ነው። ልክ መጣ።

ጅራቱ ከወጣ በኋላ «ታስ» ይቀራል። «ኦ»ዋ ማያያዣ ብቻ ናት፣ ትርጉም አትፈልጉላት። ታስ በፈረንሳይኛ ሲኒ ነው፤ ፈረንሳይኛ ከዐረብኛ ወሰደው፣ ዐረብኛ ከፋርስኛ። የዐረብኛው ቃል «ጣሳ» ነው! ገበያ ላይ እህል የሚሰፈርበት የእኛው ጣሳ ማለት ነው። አማርኛ «ጠ» ስላለው ድምፁን በቅርብ አቻው ያዘው፤ ፈረንሳይኛ ስለሌለው በ«ተ» ተካው። ስለዚህ የአውሮፓ ቃል ላይ «ተ» ስታዩ በዐረብኛው «ጠ» ሊሆን እንደሚችል አስቡ። «ሲኒ»ም ከዐረብኛ ነው፣ የቻይና ማለት፤ ሸክላው ከዚያ ይመጣ ነበርና።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ድምፅ ብቻ ሲያምን ነው። ሦስት ነገር አመሳክሩ፤ ድምፅ፣ ትርጉም፣ መንገድ። ጣሳ ሦስቱንም ያልፋል፤ ድምፁ ይገጥማል፣ ሁለቱም ዕቃ ናቸው፣ መንገዱም በዐረብኛ በኩል ነው። «ኮፊ»ን ግን ከጎረቤታችን ከከፋ ጋር ለማያያዝ አትቸኩሉ። እንግሊዝኛ ከሆላንድኛው «ኮፊ»፣ ሆላንድኛ ከቱርክኛው «ካህቬ»፣ ቱርክኛ ከዐረብኛው «ቀህዋ» ወሰደ። ቀህዋ ደግሞ ቡናን ከመሰየሙ በፊት የወይን ጠጅ ስም ነበር። ወረቀታችሁ ላይ እስከ ቀህዋ ድረስ ሙሉ መስመር አስምሩ፤ ከቀህዋ ወደ ከፋ የሚሄደውን ግን ነጠብጣብ አድርጉት።