ማጣሪያው በርቶ ሳለ ቫይረስ በአባሪ ሲያልፍ

ምልክት፦ በኢሜይል ሰርቨሩ ማጣሪያ አደገኛ የፋይል ዓይነቶች ታግደዋል፤ ኢኤክስኢና ቪቢኤስ ፋይሎች (ሲከፈቱ በኮምፒውተሩ ላይ የሚሠሩ ፕሮግራሞች) በየዕለቱ እንደሚያዙም ሎጉ፣ ማለትም የሰርቨሩ መዝገብ፣ ያሳያል። ሆኖም የአንድ ሠራተኛ ኮምፒውተር በኢሜይል በመጣ አባሪ ተበክሏል።

መንስኤ፦ ደጋግሞ የሚያጋጥመኝ በይለፍ ቃል የተቆለፈ ዚፕ (የተጠቀለሉ ፋይሎችን የያዘ ፋይል) ነው። ላኪው የይለፍ ቃሉን እዚያው መልእክት ውስጥ ስለሚጽፈው ተቀባዩ ይከፍተዋል፤ ጸረ ቫይረሱ ግን ውስጡን ሊያይ አይችልም። ሊመረመር ያልቻለ ፋይል ምን ይደረግ የሚለው ቅንብር ሲታይ አብዛኛውን ጊዜ «ይለፍ» ሆኖ ይገኛል። በአንድ መሥሪያ ቤት ቅንብሩ የተላላው የሒሳብ ክፍሉ ደረሰኝ ዘገየብን ብሎ ስለጮኸ ነበር። ከዚያ በኋላ ደረሰኞቹም፣ በተቆለፈ ዚፕ ውስጥ ያለ፣ ስሙ በፒዲኤፍ ነጥብ ኢኤክስኢ የሚያልቅ ፋይልም ሳይዘገዩ ገቡ። ዊንዶውስ የሚያውቃቸውን ቅጥያዎች (ከስሙ መጨረሻ የፋይሉን ዓይነት የሚያሳዩትን ፊደላት) ስለሚደብቅ፣ ከፋቹ ያየው ፒዲኤፍ የሚለውን ብቻ ነው።

መፍትሄ፦ ሊመረመር ያልቻለ አባሪ ሁሉ ለተቀባዩ ሳይደርስ ተይዞ ወደሚቆይበት ማቆያ እንዲገባ ይደረግ። በተለመደው ዚፕ የሚቆለፈው ይዘቱ እንጂ የፋይሎቹ ስም ስላልሆነ፣ ማጣሪያው የይለፍ ቃሉን ሳያውቅም ስሞቹን አንብቦ የተከለከለ ቅጥያ ያለበትን ሊጥለው ይችላል። ሰቨን ዚፕና ራር የተባሉት ሌሎች የመጠቅለያ ዓይነቶች ግን ስሙንም ጭምር መሰወር ስለሚችሉ፣ ዝርዝራቸው የማይነበብ ከሆነ ያለ ክርክር ይያዙ። ዚፕ በዚፕ ውስጥ ተደራርቦ ሲመጣ ማጣሪያው የሚፈትሸው እስከተወሰነ ጥልቀት ብቻ ነው፤ ከገደቡ ያለፈውም ይያዝ።

ማስጠንቀቂያ፦ «ይህ ላኪ ደንበኛችን ነው» ተብሎ አድራሻው ከፍተሻ ነፃ አይደረግ። የደንበኛው የኢሜይል አካውንት በተሰረቀ ጊዜ ቫይረሱ የሚመጣው ከዚያው ከታመነው አድራሻ ነው። የተያዘን አባሪ የማስለቀቅ ሥልጣንም ለተቀባዩ አይሰጥ፤ ተቸኩሎ የሚለቅቀው እርሱ ነው።

የቆየ የእገዳ ዝርዝር ላይ አይኤስኦ እና አይኤምጂ (የዲስክ ቅጂ ፋይሎች) እንዲሁም ኤልኤንኬ (የአቋራጭ ፋይል) አይገኙም። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2022 ከኢንተርኔት የመጡ የኦፊስ ማክሮዎችን (በሰነድ ውስጥ የሚሠሩ ትንንሽ ፕሮግራሞችን) በነባሪነት ማገድ ከጀመረ ወዲህ አጥቂዎች ወደ እነዚህ ስለዞሩ ይጨመሩ። አልፎ አልፎ የፋይሉ ስም በመልእክቱ ራስጌ (ስለ አባሪው መረጃ በሚጻፍበት ክፍል) ለሁለት ተከፍሎ ሲመጣ ተራ የስም ማጣሪያ ሳያውቀው ያሳልፈዋል።

ማረጋገጫ፦ በእውነተኛ ቫይረስ መሞከር ክልክል ነው። ለዚሁ የተዘጋጀው ኤይካር የተባለው የ68 ባይት የሙከራ ፋይል በተራ ዚፕ፣ በተቆለፈ ዚፕ እና በተደራረበ ዚፕ ሆኖ ከውጭ አድራሻ ይላክ። ከውስጥ የተላከ መልእክት በማጣሪያው ላያልፍ ስለሚችል ውጤቱ ያሳስታል።