መብራት ሲጠፋ ቤትን ከኤሌክትሪክ መኪና ማብራት፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

60 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ የኤሌክትሪክ መኪና ግቢ ቆሞ ቤተሰብ በጨለማ ማምሸት የለበትም። አምፖሉ፣ ዋይፋዩ፣ ቴሌቪዥኑና ፍሪጁ በአማካይ 200 ዋት ቢወስዱ በ10 ሰዓት የሚበሉት 2 ኪሎዋት ሰዓት ነው። መኪናው ራሱ በርቶ ሲያድር የሚበላው ቢጨመርበትም ብዙ አይጎዳም። የሚጎዳው ሲያገናኙ የሚሠራው ስህተት ነው።

የመጀመሪያውን እኔው ሠርቼዋለሁ። በበዓል ዋዜማ መብራት ጠፋ፤ የተበለተው ዶሮ ፍሪጅ ውስጥ ነው። ኢንቨርተሩን፣ ማለትም የባትሪን 12 ቮልት ወደ ቤት 220 ቮልት የሚቀይረውን ዕቃ፣ ኮፈን ሥር ካለው ትንሽ ባትሪ ጋር አገናኝቼ፣ መኪናውን አጥፍቼና ቆልፌ ተኛሁ። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ኢንቨርተሩ እየጮኸ ቀሰቀሰኝ። ጠዋት መኪናው በሪሞት አልከፈት አለ፤ መኪናውን የሚነዳው ትልቁ ባትሪ ግን 80 ፐርሰንት ነበር። ባለ 12 ቮልት ኢንቨርተር የሚስበው ከትንሹ ባትሪ ነው፤ በሩን፣ ኮምፒውተሩን፣ መኪናውን የሚያስነሳውም እሱ ነው። ትልቁ ደግሞ ለትንሹ በደንብ የሚያቀብለው መኪናው ሲበራ፣ ማለትም «ሬዲ» ሲል ነው። ስለዚህ ፒ ላይ አድርገው፣ የእጅ ፍሬን ይዘው፣ «ሬዲ» ላይ ይተዉት። አንዳንዱ መኪና ሹፌሩ ሲወርድ ራሱን ያጠፋል፤ የእርስዎ እንዲህ መሆኑን ቀን ላይ ይሞክሩት።

ሲጋራ መለኮሻው ሶኬት ላይ ፍሪጅ መሰካትም የተለመደ ነው። የሶኬቱ ፊውዝ ብዙ ጊዜ 10 ወይም 15 አምፔር ስለሆነ ከ120 እስከ 180 ዋት ነው የሚችለው። ፍሪጅ ደግሞ ሲነሳ ከወትሮው ብዙ እጥፍ ይስባል። ለስልክና ለላፕቶፕ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ አይጠይቁት።

ከባትሪው ወደ ኢንቨርተሩ የሚሄድ ቀጭን ኬብል ቤት ያቃጥላል። በ220 ቮልት 1000 ዋት 5 አምፔር ገደማ ነው፤ በ12 ቮልት በኩል ግን ብክነቱ ተጨምሮ 90 አምፔር ያልፋል። ኬብሉ ወፍራምና አጭር ይሁን፤ ከባትሪው ፖዘቲቭ አጠገብም ፊውዝ ይግባለት። ከ10 ደቂቃ በኋላ በእጅዎ ይዳስሱት፤ ከጋለ ያጥፉ። ኢንቨርተሩ ላይ 3000 ዋት ስለተጻፈም አይመኑ፤ ለትንሹ ባትሪ የሚያቀብለው ክፍል በብዙ መኪና ከ1 እስከ 2 ኪሎዋት ገደማ ነው። እኔ ከ600 ዋት አላልፍም። የእንጀራ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ስለሚፈልግ ከዚህ መንገድ ያውጡት።

ኢንቨርተር ሲገዙ «ፒዩር ሳይን ዌቭ»፣ ማለትም እንደ መስመሩ መብራት ለስላሳ ሞገድ የሚያወጣ መሆኑን ያረጋግጡ። በርካሹ ዓይነት የፍሪጅ ሞተር ያጉረመርማል፣ ይግላል፣ ዕድሜው ያጥራል። ከአሜሪካ ዘመድ የሚልከውም ብዙ ጊዜ 110 ቮልት ነው፤ የእኛ ቤት ዕቃ 220 ነው የሚፈልገው።

አሁን የምለውን እባክዎ ደግመው ያንብቡት። በሁለቱም ጫፍ ወንድ ሶኬት ያለው ገመድ ሠርተው ኢንቨርተሩን ከግድግዳ ሶኬት ጋር የሚያገናኙ ሰዎች አሉ። ከአንዱ ጫፍ የሚወጣው ብረት 220 ቮልት ይዞ ነው፤ ልጅ ከነካው ይገድላል። ዋናው ብሬከር ካልጠፋ ኃይሉ በቆጣሪው በኩል ወደ መንገዱ መስመር ይወጣል፤ ትራንስፎርመሩ ወደ ሺዎች ቮልት ሊያሳድገው ይችላል። ምሰሶ ላይ የወጣው ሠራተኛ መስመሩ የሞተ መስሎት ነው የሚነካው። መብራት ድንገት ሲመጣም ኢንቨርተሩ ይቃጠላል። ዕቃዎቹን በኤክስቴንሽን በቀጥታ ከኢንቨርተሩ ይሰኩ። ቤቱን በሙሉ ማብራት ከፈለጉ ባለሙያ ቼንጅ ኦቨር፣ ማለትም ቤቱን ከመስመሩ ወይም ከኢንቨርተሩ ከአንዱ ጋር ብቻ የሚያገናኝ ማብሪያ፣ ይግጠምልዎ።

የመኪናውን ብርቱካናማ ኬብሎች በጭራሽ አይንኩ። በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ነው የሚሸከሙት።

ኢንቨርተር ከመግዛትዎ በፊት ደግሞ መኪናዎ ራሱ 220 ቮልት ያወጣ እንደሆነ ይጠይቁ። ለምሳሌ ሃዩንዳይ አዮኒክ 5 ቻርጅ በሚደረግበት ቀዳዳ በሚሰካ አስማሚ እስከ 3.6 ኪሎዋት ይሰጣል፤ ትንሹ ባትሪም አይጎዳም። የትኛውንም ቢጠቀሙ ትልቁ ባትሪ 30 ፐርሰንት ሲደርስ ያቁሙ፤ ጠዋትም መብራት ካልመጣ ቻርጅ ማድረጊያ ድረስ የሚነዱት በዚያው ነው።