በባሌ ወንዞች ላይ ትራውትን በፍላይ እንዴት እናጠምዳለን?

ትራውት የሀገራችን ዓሣ አይደለም። በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ከኬንያ መጥቶ በባሌ ተራሮች ቀዝቃዛ ወንዞች ውስጥ ተለቀቀ፤ እዚያው ለምዶና ተዋልዶ ቀረ። ዛሬ ሊያጠምደው የሚመጣ ሰው የሚያቀናው በዲንሾ አካባቢ ወዳሉት ወደ ዌብና ወደ ዳንካ ወንዞች ነው። ዌብ ቁልቁል ወርዶ የሶፍ ዑመርን ዋሻ ሰንጥቆ የሚያልፈው ያው ወንዝ ነው።

መጀመሪያ ዲንሾ የሚገኘው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ጎራ በሉ። ፈቃዱንም ክፍያውንም፣ የያዛችሁትን ዓሣ መውሰድ ይቻል እንደሆነም እዚያው ጠይቁ። አካባቢውን የሚያውቅ አስጎብኚም ያዙ።

ጥሩው ጊዜ ከኅዳር እስከ የካቲት ነው። ክረምት ላይ ወንዙ ስለሚደፈርስ ዓሣው የምትወረውሩለትን አያየውም። (የገና ጾም መግባቱን አውቃለሁ። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሌላ ቀን።) በበጋ ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ ስለዚህ በጠዋት መጣደፍ አያስፈልግም። ረፋድ ላይ ፀሐይዋ ውሃውን ስታሞቀው ነፍሳቱ መንቀሳቀስ ይጀምራሉ፣ ዓሣውም ይበላል።

ዕቃው ብዙ አይደለም። 2.7 ሜትር ገደማ የሆነ ዘንግ፣ ቁጥር 4 ወይም 5 የፍላይ ክር፣ ጫፉ ላይ የሚቀጠል ቀጭን ናይለን፣ ጥቂት ፍላይ። ፍላይ ማለት ላባና ፀጉር መንጠቆ ላይ ታስሮ ነፍሳት እንዲመስል የተሠራ ነገር ነው። የመንጠቆው ቁጥር በጨመረ ቁጥር የፍላዩ መጠን ያንሳል፤ 14 እና 16 ለጀማሪ ይበቃል። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ ዕቃውን እንዲያመጣላችሁ ላኩበት።

ወንዙ ዳር ስትደርሱ ዘንጉን አስቀምጡና ከውሃው ውስጥ አንድ ድንጋይ ገልብጡ። ሆዱ ላይ የተጣበቁ ትንንሽ እጮች ታያላችሁ። መጠናቸውንና ቀለማቸውን አይታችሁ የሚቀርባቸውን ፍላይ ምረጡ።

ትራውት ፊቱን ወደ ወንዙ መምጫ አዙሮ፣ ውሃው የሚያመጣለትን ይጠብቃል። ስለዚህ ከታች ወደ ላይ፣ ከኋላው ቅረቡ። ጎንበስ በሉ፤ ጥላችሁ ውሃው ላይ ካረፈ አለቀ፣ ይጠፋል።

አሁን ውርወራ። እዚህ የሚወረወረው ከባዱ ክር እንጂ ፍላዩ አይደለም፤ ፍላዩ ተከትሎ ይሄዳል። ዘንጉን ወደ ኋላ አንስታችሁ ከራሳችሁ ትንሽ እንዳለፈ አቁሙት፣ ክሩ ከኋላችሁ እስኪዘረጋ ጠብቁ፣ ከዚያ ወደ ፊት ግፉት። ቡሄ ላይ ጅራፍ ያጮኸ ሰው እጁ ቶሎ ይለምዳል፤ ግን እዚህ ጩኸት አይፈለግም። “ጧ!” ካለ ሳይዘረጋ ቸኩላችኋል፣ ፍላዩም ተበጥሶ ሄዷል። ሩቅ ለመወርወር አትድከሙ። በትንንሽ ወንዝ 6 ወይም 7 ሜትር ይበቃል።

ዋናው ሥራ ከውርወራው በኋላ ያለው ነው። ፍላዩ ውሃው ላይ ሲያርፍ ክሩን ተመልከቱ። መሃል ላይ ያለው ፈጣን ውሃ የክሩን ወገብ ቀድሞ ይወስደዋል፤ ክሩም ፍላዩን ይጎትተዋል። ፍላዩ ከኋላው ቀጭን መስመር እያሰመረ ሲሄድ ካያችሁ፣ ትራውቱም አይቶታል። እውነተኛ ነፍሳት እንዲህ አይሄድም። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ገና እንዳረፈ የዘንጉን ጫፍ አንስታችሁ የክሩን ወገብ ወደ ወንዙ መምጫ አዙሩት፣ ፍላዩን ግን አታንቀሳቅሱት። ክሩ ወደ እናንተ ሲመጣ ትርፉን በግራ እጃችሁ ሰብስቡ። ይህን ያልቻለ ሰው ውድ ዘንግ ይዞም ባዶ እጁን ይመለሳል።

ዓሣው ፍላዩን ሲውጥ ዘንጉን ቀስ ብላችሁ አንሱ። በደስታ ከመነጨቃችሁት ናይለኑ ይበጠሳል። ሊሮጥ ሲፈልግ ክር ልቀቁለት፣ ሲደክመው ሰብስቡ።

የምትለቁት ከሆነ የመንጠቆውን እሾህ ከመጀመሪያው በፒንሳ ጨፍልቁት፣ ያለ ችግር ይወጣል። እጃችሁን ሳታርሱ አትንኩት፤ ደረቅ እጅ ቆዳውን የሚጠብቀውን ልጋግ ይገፋል። ከውሃው ሳታወጡ ፊቱን ወደ ወንዙ መምጫ አድርጋችሁ ያዙት፤ ሲጠነክር ራሱ ይሄዳል።