የጓሮ ቆሻሻ ሲያቃጥሉ ከጎረቤት የሚያቀያይሙ ስህተቶች

በጓሮ እሳት ሰበብ ጎረቤትና ጎረቤት ሲኳረፉ ብዙዎች ነገሩን የጠባይ ጉዳይ ያደርጉታል፤ አንዱ ግዴለሽ፣ ሌላው ነገረኛ ይባላል። እኔ ግን ጠቡ በአብዛኛው የሚነሳው ከክምሩ ነው ባይ ነኝ። ደረቅ ጭራሮ ቦግ ብሎ ነዶ በአንድ ሰዓት ውስጥ አመድ ቢሆን ቅር የሚለው ሰው ጥቂት ነው። እርጥብ ቅጠል ተከምሮ ከረፋድ እስከ ማታ ጭሱ ሲትጎለጎል ከዋለ ግን የዋሁም ጎረቤት ይመረዋል። ያሉበት አካባቢ ማቃጠልን የሚከለክል ወይም በሰዓት የሚገድብ ደንብ ካለው ነገሩ እዚያው ያበቃል፤ የሚከተለው ለተፈቀደበት ቦታ ነው።

እርጥቡን ከደረቁ ጋር መማገድ

አብዛኛው ጣጣ የሚመጣው ከዚህ ነው። አዲስ የተቆረጠ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውሃ ሊሆን ይችላል። እሳቱ እንጨቱን ከማንደዱ በፊት ይህን ውሃ አፍልቶ ማትነን አለበት፤ ሙቀቱ በዚያ ያልቅና ከእንጨቱ የሚወጣው ጋዝ ሳይነድ ይቀራል። ወፍራሙ ነጭ ጭስ ይኸው ነው፤ እንፋሎት፣ ያልነደደ ቅጥራንና ደቃቅ ብናኝ ተደባልቆ። እሳቱ በበረታ ቁጥር ጭሱ ይቀንሳል፤ እሳቱ ሲደክም ጭሱ ይበዛል። ብዙ ሰው ጎረቤት እንዳይረበሽ ብሎ እሳቱን ያዳፍነዋል፣ በዚያው ጭሱን ያበዛዋል።

ደቃቁ ብናኝ ቀላል ነገር አይደለም። ስፋቱ ከ2.5 ማይክሮን የማይበልጠው ብናኝ የሰው ፀጉር ውፍረት አንድ ሠላሳኛ ያህል ስለሆነ አፍንጫና ጉሮሮ አይዙትም፤ ሳንባ ድረስ ይዘልቃል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ባወጣው መመሪያ የዚህ ብናኝ የ24 ሰዓት አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ15 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። ጭሱ በቀጥታ የሚያርፍበት ግቢ ውስጥ በዚያ ሰዓት የሚኖረው መጠን ከዚህ ብዙ እጥፍ ነው። አስም ላለበት ሰው፣ ለሕፃንና ለልብ ሕመምተኛ ደግሞ አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻውን ለመታመም ይበቃል።

ክምሩን ከላይ አይቶ ደርቋል ማለት ያታልላል። እጅዎን ወደ መሃሉ ያስገቡ፤ ላዩ ሲንኮሻኮሽ ውስጡ ለብ ያለና እርጥብ ከሆነ ገና መበስበስ ላይ ነው። ቅርንጫፉን ጎንበስ አድርገው ይሞክሩት፤ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርቋል፣ ከተለመጠ አልደረቀም። ቅርፊቱን በጥፍር ሲልጡት ከሥሩ አረንጓዴ ከታየ ለሳምንታት ይተዉት። ከታጨደ ብዙም ያልቆየ ሣር ግን እሳት ውስጥ ምንም ሥራ የለውም። ዝናብ በሚበዛበት ወቅት ክምሩን ከላይ በሸራ ሸፍኖ ጎኑን ለነፋስ ክፍት መተው ይጠቅማል፤ ዙሪያውን ከጠቀለሉት ግን ይሻግታል።

ሰው እንዳያይ ብሎ በምሽት መለኮስ

ይህ የይሉኝታ ስህተት ነው። ሲመሽ ቢያቃጥሉ ማንም የማይረበሽ ይመስላል። ጥርት ባለና ነፋስ በሌለው ምሽት ግን መሬቱ ቶሎ ይቀዘቅዛል፤ ከላዩ ያለው ሞቃት አየር እንደ ክዳን ሆኖ ቀዝቃዛውን አየር ከታች ይይዘዋል። ጭሱ ወደ ላይ መሄዱን ትቶ በአጥርና በመስኮት ቁመት ይንሳፈፋል። በዚያ ላይ ሰው ሁሉ ከሥራ ገብቶ፣ ልጅ አስተኝቶ፣ መስኮት ከፍቶ የሚያርፍበት ሰዓት ነው። ማለዳም ፀሐይ መሬቱን እስክታሞቀው ድረስ ያው ነው።

የሚሻለው መሬቱ ከሞቀ በኋላ፣ ቀለል ያለ ግን የማያቋርጥ ነፋስ ከቤቶቹ ወደ ባዶ ቦታ በሚነፍስበት ሰዓት ነው። ኃይለኛ ነፋስ ካለ ግን ይተዉት፤ ብልጭታ አጥር ይሻገራል። አቅጣጫውን ለማወቅ ሰማይ ማየት አይበቃም፣ በግንቦችና በቤቶች መካከል ነፋስ ይዞራልና። ቀጭን የፌስታል ቁራጭ በዘንግ ጫፍ አስረው ክምሩ አጠገብ ይትከሉና ለጥቂት ደቂቃ ይመልከቱት። አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ የሚል ከሆነ ለሌላ ቀን ያቆዩት።

ሳይነግሩ መጀመር፣ ወይም ለይስሙላ መንገር

ክብሪቱን ከጫሩ በኋላ በአጥር በኩል «ትንሽ ጭስ ይኖራል» ማለት መንገር አይባልም። የታጠበው ልብስ በዚያን ጊዜ ጭሱን ጠጥቷል። ከአንድ ቀን በፊት፣ ያውም በጥያቄ መልክ ሲሆን ያምራል፤ «ነገ ከሰዓት ደረቅ ቅጠል ላቃጥል አስቤ ነበር፤ የሚያስቸግርዎት ነገር ይኖር ይሆን?» ማለት ለሰውየው መልስ የመስጠት ዕድል ይሰጠዋል። ምናልባት ቤት ውስጥ ሕመምተኛ አለ፤ ምናልባት እንግዳ ጠርቷል። «አለ» ካለ ደግሞ ቀኑን መለወጥ ነው እንጂ ከጠየቁ በኋላ ያው ማድረግ ካለመጠየቅ ይብሳል።

የቅርቡን ብቻ ሳይሆን ነፋሱ የሚሄድበትን ቤት መንገር ይረሳል። ሦስት አጥር ማዶ ያለው ሰው ከጎን ጎረቤትዎ በላይ ሊጨስበት ይችላል። ነፋሱ መሃል ላይ ከዞረና ቅሬታ ከመጣ «በገዛ ግቢዬ» የሚለው መልስ አያዋጣም፤ እሳቱ በርስዎ ግቢ ቢሆንም ጭሱ በእነሱ ሳሎን ነው። አዲስ መጨመር አቁመው ያለውን በውሃ ያጥፉት።

እግረ መንገድ ሁሉን እሳት ውስጥ መጣል

እሳቱ ከተቀጣጠለ በኋላ «ይሄንንም» እየተባለ የሚመጣው ዕቃ ማለቂያ የለውም። የፒቪሲ ቱቦና መሰል ፕላስቲክ ሲነድ የሚያቃጥል የሃይድሮጂን ክሎራይድ ጋዝና እንደ ዳይኦክሲን ያሉ መርዛማ ውህዶች ይወጡታል። ከቆየ ግንባታ የተነሳ ቀለም ቅብ እንጨት እርሳስ ሊኖርበት ይችላል። ምስጥ እንዳይበላው በመዳብ፣ በክሮሚየምና በአርሴኒክ የተነከረ አሮጌ ምሰሶ ሲቃጠል አርሴኒኩ ገሚሱ በጭሱ ይሄዳል፣ ገሚሱ አመዱ ውስጥ ይቀራል፤ ያ አመድ ጎመን ሥር ሊበተን አይገባም። ቺፑድና ኮምፔርሳቶ ሙጫ አላቸው። የሽቶና የፀረ ተባይ ስፕሬይ ቆርቆሮ ባዶ ቢመስልም ይፈነዳል፤ ባትሪም እንዲሁ።

ተክልም ሁሉ አንድ አይደለም። ለውበት የሚተከለው ኦሊያንደር መርዛማ ስለሆነ ጭሱም ይጎዳል።

ቤንዚን ማርከፍከፍ

እርጥቡ አልነድ ሲል ወደ ቤንዚን የሚሮጥ አለ። ቤንዚን ከዜሮ በታች በ40 ዲግሪ ገደማ እንኳ እሳት የሚይዝ ትነት ያወጣል። ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ይሳባል፣ በክምሩ ቀዳዳዎች ውስጥ ይጠራቀማል። ክብሪቱ ሲጫር የሚነደው መጀመሪያ ቅጠሉ አይደለም፤ የጫረው ሰው የቆመበት አየር ነው። የሚነድ እሳት ላይ መጨመር ደግሞ ጄሪካኑን ራሱን ያስይዘዋል። የደረቀ ክምር ቤንዚን አይፈልግም፤ ጋዜጣና ቀጫጭን ጭራሮ ይበቁታል። ከላይ ቢለኩሱት ደግሞ ከሥር የሚወጣው ጋዝ በነበልባሉ ውስጥ ሲያልፍ ስለሚነድ ጭሱ ያንሳል። ከሥር መለኮስ የለመደ ሰው መጀመሪያ ላይ አያምነውም።

የወር ክምር አንዴ መለኮስ

ትንሽ እሳት አቀጣጥሎ በጥቂት በጥቂቱ መጨመር ሁልጊዜ ይሻላል። ክምሩ ለሳምንታት ከቆየ ውስጡ እንሽላሊት፣ ጃርት ወይም የድመት ግልገል ሊኖር ስለሚችል በሚቃጠልበት ቀን ወደ ሌላ ቦታ ያዛውሩት። ከአጥር፣ ከጣሪያ ክፈፍ፣ ከኤሌክትሪክ ሽቦና ከዛፍ ቅርንጫፍ ይራቁ። የውሃ ጎማ ወይም ሙሉ ባልዲ ከክብሪቱ በፊት ቦታው ላይ ይቀመጥ።

አፈር አልብሶ መሄድ

ነበልባል ጠፋ ማለት እሳት ጠፋ ማለት አይደለም። አመድ ሙቀት ስለሚይዝ ፍሙ ከሥሩ ለቀናት ሊቆይ ይችላል፤ ሌሊት ነፋስ ሲነሳ መልሶ ይነዳል፣ ካልነደደም ሲጨስ ያድራል። አፈር ማልበስ ይህንኑ ያባብሳል፤ ፍሙ ተዳፍኖ ለነገ ይቆያል። ውሃ ያፍስሱ፣ በአካፋ እስከ ታች ያገላብጡ፣ እንደገና ያፍስሱ። ሽሽ የሚለው ድምፅ እስኪጠፋ ይደጋግሙት፤ ከዚያ የእጅዎን ጀርባ ወደ አመዱ ጠጋ ያድርጉ። ሙቀት ከተሰማዎት አላለቀም። ለብ ያለ አመድ በፕላስቲክ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ከተጨመረ ደግሞ እሳቱን ወደ ቤት ግድግዳ አስጠግቶ ማሳደር ነው።

ማቃጠልን የመጀመሪያ ምርጫ ማድረግ

ከጓሮ የሚወጣው አብዛኛው ነገር እሳት አይፈልግም። ደረቅ ቅጠል ከእርጥብ ሣርና ከአትክልት ልጣጭ ጋር ሲደባለቅ ኮምፖስት ይሆናል፤ ቀጭን ቅርንጫፍ ተከታትፎ በተክሎች ሥር ቢነጠፍ እርጥበት ይይዛል፣ አረም ያፍናል። ለእሳት የሚቀረው በሽታ የያዘው ግንድና እሾሃማው ነገር ነው፣ እሱም ከደረቀ በኋላ። ኮምፖስቱን ሲሠሩ ግን ከጎረቤት አጥር ጋር አያጣብቁት፤ ደረቅ ቅጠል ሳይገባበት እርጥብ ሣር ብቻ ከተከመረ በሳምንቱ የሚወጣው ሽታ ጭሱን ያስናፍቃል።