ዴይተን ያለውን የጦር አውሮፕላን ሙዚየም ሲጎበኙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከባሕር ዳር ልጅ ለመጠየቅ አሜሪካ የሚሄዱ እናቶችና አባቶች ብዙ ናቸው። ልጁ የሚኖረው ኦሃዮ፣ በተለይ ኮሎምበስ አካባቢ ከሆነ፣ አንድ ቀን “ኑ፣ አውሮፕላን ላሳያችሁ” ማለቱ አይቀርም። ከኮሎምበስ ወደ ምዕራብ በመኪና ከአንድ ሰዓት ትንሽ ያለፈ መንገድ ሄደው ዴይተን ሲደርሱ የአሜሪካ አየር ኃይል ብሔራዊ ሙዚየም አለ። ከ350 በላይ አውሮፕላኖችና ሚሳኤሎች የያዘ፣ በዓይነቱ ከዓለም ትልቁ የሚባል ነው። የእኛም ታሪክ እዚያ ውስጥ ተበታትኖ ይገኛል። ሳይዘጋጅ የገባ ሰው ግን በአጠገቡ አልፎ ይሄዳል።

መጀመሪያ የሚያሰናክለው ፍርሃት ነው። “የጦር ሰፈር ነው አሉ፤ እኔ የሰው አገር ሰው ምን አግብቶኝ” ብለው ቤት የሚቀሩ ወላጆች አሉ። ሙዚየሙ ራይት-ፓተርሰን በሚባለው የአየር ኃይል ሰፈር መሬት ላይ መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን የራሱ በር አለው። ፈቃድ አያስፈልግም፣ ዜግነት የሚጠይቅ የለም፣ መግቢያውም የመኪና ማቆሚያውም ነጻ ነው። ገንዘብ የሚጠየቀው ለፊልምና ለበረራ ማስመሰያ ብቻ ነው። በር ላይ ፍተሻ ስላለ ሰንጢና ትልቅ ሻንጣ ይዞ መሄድ አይገባም። ልጁ ደግሞ መኪናውን ወደ ሙዚየሙ በር እንጂ ወደ ሰፈሩ ዋና በር እንዳይነዳ አስቀድሞ ይጠንቀቅ። የሚዘጋው በምስጋና ቀናቸው፣ በፈረንጆች ገና እና በአዲስ ዓመታቸው ነው።

“ለሁለት ሰዓት ጎራ ብለን እንወጣለን” ማለትም ስህተት ነው። ሙዚየሙ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 11 ሰዓት ክፍት ሲሆን ያ ሁሉ ጊዜ ይሞላል። አራት ግዙፍ ሃንጋሮች፣ ማለትም የአውሮፕላን አዳራሾች፣ አሉ፤ የተደረደሩትም በአብዛኛው በዘመን ቅደም ተከተል ነው። ብዙ ሰው የመጀመሪያው ላይ ጉልበቱን ይጨርስና አራተኛው ጋ ሲደርስ ወንበር ፍለጋ ይዞራል። ግማሽ ቀን ብቻ ካለዎት አንደኛውንና አራተኛውን ይያዙ፤ መሀሉን በፍጥነት ይለፉት። ጉልበት የሚያማቸው እናት ካሉ መግቢያው ላይ ተሽከርካሪ ወንበር መጠየቅ ምንም አያሳፍርም። በጾም ቀን ከሆነ ካፌው ላይ ተስፋ ማድረግ ከባድ ነው፤ ከቤት በልቶ መውጣት፣ ካልሆነም ምግቡን መኪና ውስጥ ማቆየት ይሻላል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። አንደኛው ሃንጋር ውስጥ ካፕሮኒ የሚል ስም የያዘ የጣሊያን ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ቆሟል። ስሙን ያነበበ ኢትዮጵያዊ ደሙ ይሞቃል፤ “አገራችንን የደበደበችው እቺ ናት” ብሎ ለልጅ ልጁ ይነግራል። አይደለችም። ይቺ ካፕሮኒ 36 የምትባለው የአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ናት። በ1928 ዓ.ም. ጦርነት በአገራችን ላይ የዘመቱት ካፕሮኒ 101፣ 111 እና 133 ከዚያው ፋብሪካ ኋላ የወጡ ናቸው። የጣሊያን አውሮፕላኖች ከታኅሣሥ ወር ጀምሮ የሰናፍጭ ጋዝ በሠራዊትና በገበሬ ላይ ያዘነቡበት ጦርነት ነው። እንዲህ ያለውን ከባድ ነገር ለልጅ በተሳሳተ አውሮፕላን ማስተማር አይገባም። ልጁ አድጎ ጽሑፉን ራሱ ሲያነብ የነገሩትን ሁሉ ይጠራጠራል። ስለዚህ የመግለጫ ሰሌዳውን እስከ መጨረሻው ያንብቡ፤ ወይም ልጆችዎ ያንብቡልዎ። ከዚያ በኋላ “የዚህች ታናናሾች ናቸው የመጡብን” ብለው ይንገሩ፤ እውነቱ በቂ ነው። እግረ መንገድዎን ስለ “ፀሐይ” ያንሱላቸው። በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ዌበርና በኢትዮጵያውያን ሠራተኞች የተሠራች፣ በጣሊያኖች ተወስዳ ሮም አጠገብ ባለው የአየር ኃይል ሙዚየማቸው ለዓመታት የታየች፣ በጥር 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ የተመለሰች አውሮፕላን ናት።

ከዚህ ጋር የሚያያዘው ሌላው ስህተት “ይሄ ሁሉ የአሜሪካ ነው፤ እኛን አይመለከተንም” ማለት ነው። ሲ-47 የምትባለውን የማጓጓዣ አውሮፕላን ፈልጉ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው በእሷ ዓይነት ነው፤ ባሕር ዳር ያደጉ ሽማግሌዎች የሚያስታውሷት ዲሲ-3 የእሷ እህት ናት። በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን አየር ኃይላችን የታጠቃት የአሜሪካ ተዋጊ ጄት ኤፍ-86ም አለች፤ ኤፍ-5ም አለች። የሶቪየት ሥሪት የሆኑት ተዋጊ ጄቶች ሚግ-17 እና ሚግ-21ም አሉ። በ1969 ዓ.ም. መጨረሻ ኦጋዴን ሰማይ ላይ የእኛ ኤፍ-5ና የሶማሊያ ሚጎች ተፋልመዋል፤ ብዙም ሳይቆይ እኛው ራሳችን ሚግ አብራሪዎች ሆንን። ያ ሁሉ ታሪክ አንድ ግቢ ውስጥ ቆሟል። በቤተሰቡ አየር ኃይል ያገለገለ አባት ካለ ከሁሉ በፊት መነሳት ያለበት እሱ ነው። አውሮፕላኗ አጠገብ አቁማችሁ የሚናገረውን በስልክ ቅረጹት። የትኛውም ሰሌዳ ላይ የማይገኝ ነገር ይነግራችኋል።

ቦክስካር ፊት ለፊት እየሳቁ ፎቶ መነሳት በጣም የሚያሳዝነኝ ነው። ቢ-29 የሚባለው ዓይነት ነው፤ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 9 ቀን 1945 ናጋሳኪ ላይ የአቶም ቦምብ የጣለው ይኸው ራሱ ነው፣ አምሳያው አይደለም። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ አልቋል። ፎቶ ማንሳት ነውር አይደለም፤ ጣት ቀስሮ መሳቅ ግን ከሰማይ መርዝ ለዘነበበት ሕዝብ ልጅ አይመጥንም። ለሕፃናት “ጎበዝ አውሮፕላን” ብሎ ከማለፍ ከታች የነበሩት ሰዎች እነማን እንደሆኑ መንገር ይሻላል።

አራተኛው ሃንጋር ውስጥ የፕሬዚዳንቶች አውሮፕላኖች አሉ፤ ውስጣቸው ይገባል። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ይበሩበት የነበረው አውሮፕላን እዚያ ነው። በተገደሉ ጊዜ አስከሬናቸው ከዳላስ የተመለሰውም፣ ምክትላቸው ጆንሰን የፕሬዚዳንትነት ቃለ መሐላ የፈጸሙትም በዚሁ ላይ ነው። አፄ ኃይለ ሥላሴ በጥቅምት 1963 እ.ኤ.አ. ዋሽንግተን ላይ የኬኔዲ እንግዳ ነበሩ፤ በሚቀጥለው ወር ደግሞ ለቀብራቸው ተመለሱ። ይህን የሚያስታውሱ ወላጆች ያሉበት ቤተሰብ እዚህ መቸኮል የለበትም። መተላለፊያው እጅግ ጠባብ ስለሆነ ጋቢና ወፍራም ካፖርት አውልቆ መግባት ይበጃል።

የመጨረሻው ስህተት ቪዛ ያላገኘ ሰው ነገሩን ጨርሶ መተው ነው። ሙዚየሙ አዳራሾቹን በኢንተርኔት በነጻ የሚያስጎበኝ ገጽ አለው። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፖሊ ወይም ፔዳ ግቢ የሚማር ተማሪ ጣና ዳር ተቀምጦ አውሮፕላኖቹን አንድ በአንድ ማየት ይችላል። ምስሎቹ ዳታ ስለሚበሉ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ይምረጥ፤ ከስልክ ይልቅም በኮምፒውተር ቢያየው ሰሌዳዎቹን ለማንበብ ይቀለዋል።